በአርመርድ ኬብል ግላንድ ላይ ሽፋን ማድረግ ያስፈልጋልን?

ለደብረ ኤልያስና ለአካባቢው የወፍጮ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የከብት በረትና የመጋዘን ባለቤቶች የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ በደቡብ በኩል የዓባይ ወንዝ የሚያዋስናት፣ ስንዴ፣ በቆሎና ጤፍ የሚመረትባት የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ናት። እንዲህ ባለው የእርሻ አገር የኤሌክትሪክ ጥቅም ቤት ከማብራት ያልፋል። እህል ይፈጫል፣ ውሃ ይስባል፣ ወተት ያቀዘቅዛል። በናፍጣ ይሠራ የነበረ ወፍጮ ወይም ፓምፕ ወደ ኤሌክትሪክ በሚዞርበት ቦታ ሁሉ ከቆጣሪው እስከ ሞተሩ 380 ቮልት የሚያመላልስ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይዘረጋል። ይህም መስመር ከብትና ሕፃናት በሚመላለሱበት ግቢ፣ ዶማና ማረሻ በሚያርፍበት መሬት ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በብረት ሽቦ የተሸፈነው ገመድ፣ ማለትም አርመርድ ኬብል ነው።

ይህ ገመድ ወደ ማብሪያ ሳጥን ወይም ወደ ሞተሩ በሚገባበት ጫፍ ላይ ግላንድ የሚባለው የነሐስ ማያያዣ ይታሰራል። በግላንዱ ላይ ደግሞ ኮፍያ የመሰለ የላስቲክ ሽፋን ሊጠለቅበት ይችላል። አንዳንዱ ባለሙያ ያለ ሽፋን የተሠራን ሥራ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ሽፋኑ ለዓይን ማማር ብቻ ነው ይላል። ባለንብረቱም የማንን ምክር እንደሚቀበል ይቸገራል። ጥያቄው የሚነሳው በአንድ ትንሽ ላስቲክ ላይ ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ያለው ጉዳይ የሰውና የከብት ሕይወት ነው።

አስተያየታችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሽፋኑ በየትም ቦታ የግድ ነው አንልም። ዋናው ጥበቃ ለቦታው ተስማሚ የሆነ ግላንድና በሚገባ የታሰረ ኧርዝ ነው። ይሁን እንጂ በከብት በረት፣ በማዳበሪያ መጋዘንና ዝናብ በሚመታው ቦታ ሽፋኑ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል። በአንጻሩ የተበላሸን ሥራ ለመደበቅ የተጠለቀ ሽፋን ጨርሶ ከሌለው ይብሳል።

ሀ. ገመዱና ግላንዱ ምን ሥራ አላቸው?

አርመርድ ኬብል ተቆርጦ ሲታይ ከመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተለብጠዋል። በነሱ ላይ የውስጥ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ዚንክ የተቀቡ የብረት ሽቦዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የውጭው ጥቁር ላስቲክ ይገኛል።

የብረት ሽቦዎቹ ሁለት አገልግሎት አላቸው። አንደኛው ገመዱን ከግጭትና ከመቆረጥ ማዳን ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማይገነዘበው፣ የኧርዝ መንገድ መሆናቸው ነው። አንድ ገበሬ ሲቆፍር ዶማው ገመዱን ቢበጣ፣ ስለቱ ወደ ውስጠኛው ሽቦ ከመድረሱ በፊት ኧርዝ የተደረገውን ብረት ይነካል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ይመለስና ቫልቮላው ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል። የብረት ሽቦው ከኧርዝ ጋር ያልተያያዘ ከሆነ ግን ቫልቮላው ላይቃጠል ይችላል፤ ዶማውም ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። በአንዳንድ ተከላ የፓምፑ ወይም የወፍጮው ሞተር ኧርዝም የሚመጣው በዚሁ የብረት ሽቦ በኩል ነው። በዚያ ጊዜ የብረት ሽቦው መንገድ ቢቋረጥ የሞተሩ አካል ያለ ኧርዝ ይቀራል ማለት ነው።

ግላንዱ ሦስት ነገሮችን ይሠራል። የብረት ሽቦዎቹን በሾጣጣ አካሉ ላይ ዘርግቶ በቀለበት ጨምቆ ገመዱን አጥብቆ ይይዛል። የብረት ሽቦውን ከኧርዝ ጋር ያገናኛል። ውሃና አቧራም ወደ ሳጥኑ እንዳይገባ ይከላከላል። ሽፋኑ ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ሊያግዝ የሚችለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የላላ ገመድ አያጠብቅም፣ የጠፋ ኧርዝም አይተካም።

ለ. ግላንድ ሁሉ አንድ አይደለም

በእንግሊዝ ደረጃ መሠረት ለሽቦ አርመር ከሚሠሩት ግላንዶች መካከል በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ቢ.ደብሊዩ. የሚባለው በቤት ውስጥ ለደረቅ ቦታ የታሰበ ነው። ይህ ዓይነት የውጭውን ላስቲክ የሚይዝ ጓርኒሲዮን የለውም። በመሆኑም የተላጠው የብረት ሽቦ ወደ ግላንዱ በሚገባበት ቦታ ውሃና አቧራ የሚገባበት ክፍተት ይኖራል። ሲ.ደብሊዩ. የሚባለው ግን ለውጭ ቦታ የታሰበ ነው። ከጭራው በኩል አንድ ተጨማሪ ዳዶ ያለው ሲሆን፣ ዳዶው ሲጠብቅ በውስጡ ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን የገመዱን ላስቲክ አንቆ ይይዛል።

ዕቃው አቧራንና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ቁጥር 60529 መሠረት አይ.ፒ. በሚለው ምልክትና በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። የመጀመሪያው ቁጥር ጠጣር ነገርንና አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። አይ.ፒ. 44 ማለት 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር የማያስገባና ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ የማይጎዳው ማለት ነው። አይ.ፒ. 66 ደግሞ አቧራ ጨርሶ የማያስገባና በኃይል የሚፈናጠር ውሃን የሚቋቋም ነው። ለእርሻ ቦታዎች የኤሌክትሪክ ተከላ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ዝቅተኛው መመዘኛ አይ.ፒ. 44 ነው። በሚገባ የተገጠመ የሲ.ደብሊዩ. ግላንድ ብዙውን ጊዜ እስከ አይ.ፒ. 66 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ደረጃ የሚገኘው በጓርኒሲዮኑ እንጂ በሽፋኑ አይደለም። ስለሆነም በቢ.ደብሊዩ. ግላንድ ላይ ሽፋን ስለተጠለቀበት ብቻ ለዝናብ ቦታ ብቁ ይሆናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ሐ. የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ሽፋኑ አያስፈልግም የሚሉት ወገኖች ደንቡ ዕቃው ለተቀመጠበት ቦታ ተስማሚ ይሁን ይላል እንጂ ኮፍያ ይጠለቅበት አይልም ይላሉ። ጥሩ ግላንድ ራሱን ይችላል፤ ሽፋን ግን ግላንዱን ከዓይን ይሰውራል፤ የላላ ዳዶ፣ የዛገ ሽቦ፣ የተረሳ የኧርዝ ሮንዴላ ከሥሩ ተደብቆ ይኖራል ሲሉም ይከራከራሉ። ይህ አባባል ትክክል ነው።

ሽፋኑ ያስፈልጋል የሚሉት ደግሞ ቦታችን የፋብሪካ አዳራሽ አይደለም ይላሉ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የዱቄት አቧራው፣ የከብቱ ሽንት ሁሉ ግላንዱን ይነካዋል። የዳዶዎቹ ጥርስ ከዛገ በኋላ ሞተር ለመቀየር ሲፈለግ በቁልፍ አልፈታ ይላል። በኃይል ሲፈታም የብረት ሽቦው ይበጠሳል። ሽፋን ግን ቆሻሻውን ተቀብሎ ግላንዱን በንጽሕና ያቆየዋል። ይህም አባባል ትክክል ነው።

በእኛ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ግን የሚናገሩት ስለተለያየ ቦታ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ መስጠት ለሁሉም መሬት አንድ ዓይነት ዘር እንደማዘዝ ይቆጠራል። ስለዚህ ቦታዎቹን ለያይተን እንመልከት።

መ. ሽፋኑ የሚጠቅምባቸው ቦታዎች

1. የከብት በረትና የወተት ቤት። ግላንዶች በአብዛኛው የሚሠሩት ከነሐስ ነው። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን ከጋዞች ሁሉ አሞኒያ ልዩ ጠላቱ ነው። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ አገር በነበረበት ዘመን የነሐስ ጥይቶች በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣዎች ሲከማቹ ቀለሃዎቹ ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ነገሩ ለረጅም ጊዜ ሲያስገርም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ገለጹ። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ቀለሃው ሲሠራ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ተዳምሮ ብረቱን ይሰነጥቀው ነበር። ግላንድም በቁልፍ ተወጥሮ የሚታሰር ነሐስ ነው። በረትም የአሞኒያና የእርጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የማብሪያ ሳጥኑን ከበረት ውጭ ማድረግ ነው። ይህ ካልተቻለ ኒኬል የተቀባ የሲ.ደብሊዩ. ግላንድ ከሽፋን ጋር እንዲሆን እንመክራለን። ሽፋኑ ጋዙን ጨርሶ ባያግደውም ሽንትና ፍግ በቀጥታ ነሐሱ ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል።

በበረት ጉዳይ ጥንቃቄው የሚጠናበት ሌላም ምክንያት አለ። ከብት በባዶ ኮቴው እርጥብ መሬት ላይ ይቆማል። የፊትና የኋላ እግሮቹም ተራርቀው ስለሚቆሙ ሰው የማይሰማውን ኤሌክትሪክ ከብቱ ሊሰማው፣ ሊገድለውም ይችላል። ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር ደንብ በተለመደው ቦታ 50 ቮልት የነበረው የንክኪ ገደብ ለከብት ቦታ ወደ 25 ቮልት ዝቅ እንዲል የተደረገው በዚህ የተነሳ ነው። ላም በርቀት የሚገዛት አንድ ቤተሰብ አንዲት የወተት ላም ብታጣ የሚደርስበትን ጉዳት አንባቢው ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል።

2. የማዳበሪያ መጋዘን። ዩሪያ እርጥበት ሲያገኝ ቀስ በቀስ አሞኒያ ያወጣል። የማዳበሪያ ብናኝም ከአየር ላይ እርጥበት ስቦ በብረት ላይ ሲያርፍ ዝገትን ያፋጥናል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ውስጥ ማብሪያና የገመድ ጫፍ ከጆንያ ክምር አጠገብ የሚገኝ ከሆነ ሽፋን ያስፈልገዋል። በተጨማሪም ጆንያ ሲጫንና ሲወርድ እንዳይገፋው ከፍ ብሎ መተከል አለበት።

3. የወንዝ ዳር ፓምፕ። የመስኖ ፓምፕ በበጋ ይሠራል፤ በክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ እየመታው ይቆያል። በነዚህ ወራት ማንም ስለማያየው ግላንዱ ውስጥ የገባ ውሃ ሥራውን በጸጥታ ይሠራል። መጀመሪያ በብረት ሽቦው ላይ ያለው ዚንክ ይበላል፤ ቀጥሎ ብረቱ ይዝጋል፤ በመጨረሻም በሾጣጣው ላይ የተጨመቀው የሽቦ ጫፍ ተቆራርሶ የኧርዝ መንገድ ይቋረጣል። ፓምፑ ግን በጥቅምት ሲበራ እንደ ወትሮው ይሠራል። ኧርዝ መጥፋቱ የሚታወቀው ሌላ ብልሽት በደረሰ ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ፓምፑን የሚነካው እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሲ.ደብሊዩ. ግላንድ ግዴታ ነው እንላለን፤ ሽፋኑ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው።

4. ወፍጮ ቤት። በወፍጮ ቤት ጠላቱ ዱቄት ነው። ዱቄት እርጥበት ይይዛል፣ በዳዶዎች መካከል ይጋገራል። ለስላሳ ሽፋን በጨርቅ ለመጥረግ ስለሚያመች ይጠቅማል። ሆኖም በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት አቧራ በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ የሚችል ስለሆነ ትኩረቱ ከሽፋኑ ይልቅ ሳጥኑ አቧራ የማያስገባ በመሆኑና ወፍጮ ቤቱ በየቀኑ በመጠረጉ ላይ ሊሆን ይገባል።

ከዚህ ውጭ በደረቅ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ባለ ግድግዳ ላይ፣ ቆሻሻ በማይደርስበት ሳጥን ላይ ያለ ግላንድ ሽፋን ባይኖረው ምንም አይጎድልበትም። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለተሻለ ኧርዝ ቢውል ይመረጣል።

ሠ. ሽፋኑ ጉዳት የሚያመጣው መቼ ነው?

ሽፋኑ ወደ ገመዱ የሚገባው ከሁሉ በፊት ነው። ገመዱ ሳይላጥ፣ ዳዶዎቹ ሳይገቡ ሽፋኑ ቀድሞ መጠለቅ አለበት። ይህን የረሳ ሠራተኛ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ምርጫ ይኖረዋል። አንዱ ሁሉን ፈትቶ እንደገና ማሠር ነው። ሁለተኛው ሽፋኑን በምላጭ ሰንጥቆ በግላንዱ ላይ ካለበሰ በኋላ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ይህ ሁለተኛው ተቀባይነት የለውም። ናስትሮው በፀሐይ ይላቀቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃም በቀላሉ አይወጣም።

የሽፋኑ አቀማመጥም ሊታሰብበት ይገባል። ገመዱ ከሳጥኑ በታች በኩል ሲገባ የሽፋኑ ሰፊ አፍ ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች ይሆናል። ሰፊው አፍ ከሳጥኑ ጋር ካልገጠመ በሳጥኑ ግድግዳ የሚወርደው ዝናብ ይገባና ሽፋኑ እንደ ዋንጫ ውሃ ይዞ ግላንዱን ሲያርስ ይከርማል። ስለሆነም የሽፋኑ ልክ ከግላንዱ ልክ ጋር አንድ መሆን አለበት። ልኩ ካልተገኘ ያለ ሽፋን መተው ይሻላል። በሌላ በኩል ገመድ ከሳጥን በላይ በኩል ባይገባ ይመረጣል፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ሳጥኑ ይወርዳልና።

የደጋ ፀሐይ ላስቲክን ያደርቃል። የደረቀና የተሰነጠቀ ሽፋን መቀየር አለበት። ጥቁሩ ከሌላው ቀለም የበለጠ ፀሐይን ይቋቋማል።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየት ለለመደ አገር ነገሩን ማስረዳት አይከብድም፦ ሽፋኑ ሰም ነው፤ ወርቁ ከሥሩ ያለው ሥራ ነው። ሰሙ ስላማረ ወርቅ አለ ተብሎ አይታመንም።

ረ. ዋልካ መሬት ላይ

በተለይ ቀድሞ አውራጃ በነበረችው በቢቸና በኩል፣ ሌላም ቦታ ዋልካ አፈር ባለበት፣ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከመሬት በታች የተቀበረን ገመድም አብሮ ይጎትታል። ገመዱ ተወጥሮ የተቀበረ ከሆነ ጉተታው የሚያርፈው በግላንዱ ላይ ነው። የውጭው ላስቲክ ከጓርኒሲዮኑ ይወጣና የብረት ሽቦው ይገለጣል። ሽፋን ካለ ይህ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ከመሬት ወጥቶ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ትርፍ ኖሮት እንዲጎብጥና በግድግዳው ወይም በእንጨቱ ላይ በማሰሪያ እንዲያዝ ማድረግ ይገባል።

ሰ. ምን ይደረግ?

ገንዘብ የሚወጣበትን ቅደም ተከተል እንዲህ ብናስቀምጠው ይሻላል።

አንደኛ፣ ኧርዝ። ከግላንዱ ጋር የኧርዝ ሮንዴላ መታሰሩና ሽቦው እስከ ኧርዝ መስመሩ መድረሱ ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፣ ለቦታው የሚሆን ግላንድ። ለውጭና ለእርጥብ ቦታ ሲ.ደብሊዩ.፣ ልኩ ከገመዱ ውፍረት ጋር የተስማማ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ፍሳሽ ኤሌክትሪክን አውቆ የሚቆርጥ ብሬከር። ለእርሻ ቦታ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ እስከ 32 አምፔር ለሆኑ ሶኬቶች 30 ሚሊ አምፔር፣ ከዚያ በላይ ለሆኑ ሶኬቶች 100 ሚሊ አምፔር፣ ለሌሎች መስመሮች ደግሞ እስከ 300 ሚሊ አምፔር የሆነው ይፈለጋል።

አራተኛ፣ ሽፋን። ከላይ በተዘረዘሩት ቦታዎች፣ በልኩ፣ ሳይሰነጠቅ የተጠለቀ ይሁን።

ምርመራውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላና ፓምፑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው መስመሩን ከዘጋ በኋላ ሽፋኑን ወደ ገመዱ በኩል ሸርተት አድርጎ ግላንዱን ያያል፤ ውሃ፣ ዝገት ወይም አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ነገር መኖሩን ይመለከታል፤ ኧርዙንም በመሣሪያ ይለካል። ባለንብረቱ ራሱ ሳጥን መክፈት ወይም ዳዶ መፍታት የለበትም። ሳይነካ በዓይኑ ሊያይ የሚችላቸው ነገሮች ግን አሉ፦ ገመዱ ተወጥሮ እንደሆነ፣ የብረት ሽቦ ከውጭ ይታይ እንደሆነ፣ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ወይም በናስትሮ ተጠቅልሎ እንደሆነ። ሞተሩን የነካ ሰው ትንሽ እንኳ ንዝረት ከተሰማው ወይም ከብቶች ወደ ገንዳው መቅረብ እምቢ ካሉ፣ ዋናው ማጥፊያ ወዲያውኑ ይዘጋና ባለሙያ ይጠራ።

ማጠቃለያ

ሽፋን ያስፈልጋልን ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ፣ ቦታው ያስፈልገዋል ካለ ይደረግ፣ ካልሆነ ይቅር የሚል ነው። ባለሙያው የተሠራውን ሥራ ለማስረከብ ሲመጣ ባለንብረቱ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ኮፍያው የት አለ ብሎ መሆን የለበትም። ግላንዱ የውጭ ነው ወይስ የቤት ውስጥ፣ ኧርዙስ ተለክቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ካገኘ በኋላ ስለ ሽፋኑ መነጋገር ይቻላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ስለ ፓምፕና ስለ ወፍጮ ምክር በሚሰጡበት ጊዜ ይህንኑ ቅደም ተከተል ለገበሬው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።